አራት ዲግሪ ውሃ፦ የዳግላስ ቶምፕኪንስ የመጨረሻ ቀዘፋና የሙስ አዳኞች ጀልባ

አንኮሬጅ፣ አላስካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው መስከረም ፎቶ ላከልኝ። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሙስ አደን ሄዶ ነበር። ሙስ ማለት በዚያ በሰሜን አገር የሚኖር፣ ከፈረስ የሚበልጥ፣ ቀንዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ የአጋዘን ዘመድ ነው። ከአንድ ትልቅ ወንድ የሚወጣው ሥጋ ብቻ ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ፎቶው ላይ ሦስት ሰዎች ይስቃሉ። ፊታቸው በነጭ ከረጢት የታሸገ ሥጋ ተከምሯል። ጀልባዋ ትንሽ፣ ክፍት፣ የአሉሚኒየም ናት።

እኔ ፎቶውን አጉልቼ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። የጀልባዋ ጠርዝ ከውሃው በላይ የቀረው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ላይፍ ጃኬቱን፣ ሰው ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ የሚለበሰውን፣ እንደ ትራስ አጥፎ ተቀምጦበታል።

ወዲያው ደወልኩለት። «ሐይቁ እኮ ጸጥ ያለ ነበር» አለኝ። «ደግሞ አብረውኝ ያሉት ሃያ ዓመት ያደኑ ሰዎች ናቸው። ያውቁበታል።»

ይቺ «ያውቁበታል» የምትባል ቃል አላስተኛ አለችኝ። ምክንያቱም ከነሱ በላይ የሚያውቁበት ስድስት ሰዎች አንድ ሩቅ ሐይቅ ላይ የገጠማቸውን አውቃለሁ። ታሪኩ የአደን አይደለም። ውሃው፣ ነፋሱና የሰው ሐሳብ ግን አንድ ናቸው። ለአክስቴ ልጅ ብዬ የጀመርኩት ጽሑፍ ነው፤ በሰሜን አገር ጀልባ ላይ ለሚወጣ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ሙሉውን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ሰዎቹ

ዳግላስ ቶምፕኪንስን በስሙ ባታውቁት በሥራው ታውቁታላችሁ። ኖርዝ ፌስ የሚል ጃኬት ለብሳችሁ ከሆነ መሥራቹ እሱ ነው። እስፕሪ የሚባለውንም የልብስ ድርጅት ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር ካቋቋሙት አንዱ ነበር። በኋላ ድርሻውን ሸጦ ወደ ቺሊ ሄደ። ገንዘቡን ፓታጎንያ በሚባለው የደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ ሰፋፊ መሬት ለመግዛትና ደን ለማስጠበቅ አዋለው።

ዋናው ነገር ግን ሰውዬው ቢሮ ውስጥ ያረጀ ባለሀብት አለመሆኑ ነው። ተራራ ወጪ ነበር። ማንም ያልቀዘፈባቸውን አስቸጋሪ ወንዞች በካያክ፣ ማለትም በጠባብና ረጅም የመቅዘፊያ ጀልባ፣ የወረደ ሰው ነው። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ከጓደኛው ኢቮን ሹናርድ ጋር ከካሊፎርኒያ ተነስቶ በመኪና እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ድረስ ተጉዞ ፊትዝ ሮይ የሚባለውን ተራራ ወጥቷል። ሹናርድ የፓታጎኒያ ልብስ ድርጅት መሥራች ነው።

በ2015 መጨረሻ እነዚህ ሁለት ወዳጆች እንደገና አብረው ለጉዞ ወጡ። ቶምፕኪንስ 72 ዓመቱ ነበር፤ ሹናርድ 77። ሦስተኛው ሪክ ሪጅዌይ በ1978 በዓለም ሁለተኛውን ከፍተኛ ተራራ ኬ2ን ከወጣው የመጀመሪያ የአሜሪካ ቡድን አንዱ ነው። ሦስት ሌሎች ጓደኞችም ነበሩ። ስድስቱም ከቤት ውጭ ኑሮን በሚገባ የለመዱ ናቸው። በዚያ ሐይቅ ዳር ከነሱ የተሻለ «ያውቁበታል» የሚባል ቡድን ማግኘት ይከብድ ነበር።

ሐይቁ

ሐይቁ በቺሊ በኩል ኼኔራል ካሬራ ይባላል። ከድንበሩ ማዶ አርጀንቲናዎች ቡዌኖስ አይሬስ ሐይቅ ይሉታል። ስፋቱ 1,850 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጣና ያንሳል። ጥልቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ ወደ 14 ሜትር ነው ሲባል፣ ኼኔራል ካሬራ 586 ሜትር ይወርዳል። የሚሞላው ከበረዶ ግግር በሚቀልጥ ውሃ ነው። ቱሪስቶች የሚያውቁት ውሃው ፈልፍሎ ባወጣቸው የእብነ በረድ ዋሻዎችና በሰማያዊ ቀለሙ ነው። ፎቶውን ያየ ሰው ልዋኝ፣ ልዋኝ ይለዋል።

ዲሴምበር በዚያ አገር የበጋ መግቢያ ነው። ፀሐይ አለ። ቀኑ ረጅም ነው። ውሃው ግን 4 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ስንነሳ የምንለብሰውን የምንመርጠው አየሩን አይተን ነው። ጀልባ ላይ ግን ልብስ የሚመረጠው በውሃው ሙቀት ነው፤ ምክንያቱም ቀኑ ከተበላሸ የምንገባው እዚያ ውስጥ ነው። በመስከረም የአላስካ ሐይቅም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ወርቅ መስሎ፣ ፀሐዩ ሞቅ ብሎ፣ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ይቀዝፋል። ውሃው ግን የበረዶ ውሃ ነው።

ፓታጎንያ ሌላም ጠባይ አላት፤ ነፋሷ። ከተራሮቹ ወርዶ በሐይቁ ላይ ሲሮጥ የሚያስቆመው ነገር የለም። ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ ረጅም መንገድ ካገኘ ማዕበሉ በአጭር ጊዜ ያድጋል። ጠዋት የተኛ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነጭ አረፋ ሊደፍቅ ይችላል።

ዲሴምበር 8 ቀን 2015

የበርካታ ቀናት ጉዞ ላይ ነበሩ። የዚያን ቀን ቶምፕኪንስና ሪጅዌይ ሁለት ሰው በሚይዝ ካያክ አብረው ይቀዝፋሉ። ካያኩ ከኋላ በእግር የሚዘወር መሪ አለው። መሪው በደንብ አልታዘዝ አላቸው።

መሪ ማለት እንዲህ ባለ ጀልባ ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ያለ መሪም በመቅዘፊያ አቅጣጫ ይያዛል። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ግን ረጅሙ ካያክ እንደ በር ይዞራል። ጎኑን ለማዕበሉ ይሰጣል። ጎኑን የሰጠ ጀልባ ደግሞ ለመገልበጥ የሚያስፈልገው አንድ ክፉ ሞገድ ብቻ ነው። ነፋሱ በረታ፣ ማዕበሉ ከጎን መጣ፣ ካያኩ ተገለበጠ።

ሁለቱም ውሃ ውስጥ ገቡ። ካያኩን አቃንተው መልሰው ለመውጣት ታገሉ። ደጋግመው ሞከሩ። ማዕበሉ መልሶ ይገለብጣቸዋል። በዚህ መሃል ነፋሱ ከዳርቻው እያራቀ ወደ ሐይቁ መሃል ይወስዳቸዋል። እዚህ ላይ ከባድ ምርጫ መጣ፦ ጀልባውን ይዞ መቆየት ወይስ ጥሎ ወደ መሬት መዋኘት?

«ከጀልባህ አትለይ» የሚለው ደንብ የታወቀ ነው፤ ጀልባ ከሰው ጭንቅላት በላይ ይታያል፤ ሰው ደግሞ ይደገፍበታል። ነገር ግን ጀልባው ራሱ ወደ መሃል እየሄደ ከሆነ ምን ይደረጋል? በሕይወት የተረፈው ሪጅዌይ በኋላ ይህን ምርጫ ተናግሯል። ለመዋኘት ወሰኑ። እኔ ሞቄ ደርቄ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ተሳስተዋል አልልም። በዚያ ሰዓት የቀራቸው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ ሁለቱም መጥፎ ናቸው። ጥሩዎቹ ምርጫዎች ያለፉት ዳርቻው ላይ እያሉ ነው።

ጓደኞቻቸው የሆነውን ሲያውቁ ተመልሰው መጡ። ሪጅዌይ ሊሰጥም ሲል ደርሰው ወደ ዳር አወጡት። ቶምፕኪንስ ጋ የደረሰው አንዱ ወጣት ጓደኛቸው በካያኩ ሊጎትተው ሞከረ። ነፋሱ ግን ሁለቱንም መልሶ ወደ መሃል ይገፋቸዋል። ያ ልጅ አልለቀቀውም። ሽማግሌው ራሱን ሲስት እንኳ አፉና አፍንጫው ከውሃ በላይ እንዲሆን በአንድ እጁ ይዞት፣ ራሱም እንዳይገለበጥ እየታገለ ቆየ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የዚያ ልጅ ክንድ ይታየኛል። ያን ያህል ጊዜ፣ በዚያ ማዕበል ላይ፣ ሙሉ ሰው ይዞ መቆየት።

እርዳታ ተጠራ። ሄሊኮፕተር መጣ፤ የቺሊ ጦር ኃይልም ጀልባ ላከ። ቶምፕኪንስ ከውሃው ሲወጣ በውስጡ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቷል። የአይሴን ክፍለ አገር ዋና ከተማ ወደሆነችው ኮይሃይኬ ሆስፒታል ተወሰደ። ሲደርስ የሰውነቱ ሙቀት 19 ዲግሪ ነበር። የዚያኑ ዕለት አረፈ። አምስቱ ተርፈዋል።

ቅዝቃዜው እንዴት ይገድላል

ብዙ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ የሚገድለው ቀስ ብሎ በማቀዝቀዝ ይመስለዋል። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጎርደን ጊዝብረክት ራሱን በረዶ ውሃ ውስጥ እየከተተ ዓመታት ያጠናው ነገር ሌላ ነው። ያገኘውን «አንድ፣ አሥር፣ አንድ» ብሎ ለሕዝብ አስተምሮታል። ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ለአክስቴ ልጅም በስልክ የነገርኩት ይህንን ነው።

መጀመሪያ አንድ ደቂቃ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል። ልክ ጠዋት የሻወሩ ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲመጣ «ኸህ!» እንደምንለው፣ ግን በብዙ እጥፍ። ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ዋናተኛ ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም። ላይፍ ጃኬት ያደረገ ሰው ፊቱ ከውሃ በላይ ሆኖ ይህቺን ደቂቃ ያልፋታል። ጃኬቱን የተቀመጠበት ሰው ጃኬቱ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ይሄዳሉ።

ቀጥሎ አሥር ደቂቃ። እጅና እግር የሚታዘዙት ለዚህን ያህል ጊዜ ነው። ደሙ ልብንና ሳንባን ለማሞቅ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ጣት ይደነዝዛል። ዚፕ መክፈት፣ ገመድ መያዝ፣ ስልክ መንካት ያቅታል። እነ ቶምፕኪንስ ካያኩን ለማቃናት የታገሉት በነዚህ ውድ ደቂቃዎች ነው። እያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ የሚቀጥለውን ያከብደዋል። ጥሩ ዋናተኛ ከዳርቻው ጥቂት ሜትር ሲቀረው የሚሰጥመውም ለዚህ ነው፤ ድፍረቱ አልከዳውም፣ ክንዱ ነው የከዳው።

በመጨረሻ አንድ ሰዓት። ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከ መሳት የሚወስደው በግምት ይህን ያህል ነው፤ ላይፍ ጃኬት ካለ። እንደ ሰውየው ክብደት፣ ዕድሜና ልብስ ይለያያል። የሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው። ከ35 ሲወርድ ሃይፖሰርሚያ ይባላል፤ ከ28 በታች ሕይወት በቋፍ ላይ ናት። ቶምፕኪንስ በ19 ነበር።

ይህ ማለት የቀዘቀዘን ሰው ቶሎ «ሞቷል» ብሎ መተው አይደለም። በ1999 በኖርዌይ በረዶ ሥር የተያዘች አና ቦገንሆልም የተባለች ሐኪም ሙቀቷ ወደ 13.7 ዲግሪ ወርዶ ሳለ ትሮምሶ ሆስፒታል አሙቀው አድነዋታል። የቀዘቀዘን ሰው በጥንቃቄ ማንሳት፣ እርጥብ ልብሱን መቀየርና ሐኪም ጋ ማድረስ ያስፈልጋል። በረድኤት ስም አረቄ ማጠጣትና እጅ እግሩን ማሸት ይጎዳዋል።

ከዚያ ካያክ ወደዚች ጀልባ

ጉዳዩን ወደ ኋላ ስመልሰው ውሃው ውስጥ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥፋት አላገኘሁም። ውሃው ውስጥ ያየሁት ጀግንነት ነው። ጉዳቱ የተሰበሰበው ትንንሽ ሆኖ ነው፦ በደንብ የማይሠራ መሪ፣ ከጎን የሚመጣ ነፋስ፣ ከዳርቻ መራቅ፣ አራት ዲግሪ ውሃ። እያንዳንዱ ለብቻው ሰው አይገድልም። አብረው የመጡ ዕለት ግን የቡድኑ ዝና አላዳነም።

የሙስ አዳኝ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምርበታል። ሲሄድ ጀልባው ቀላል ነው፤ ሲመለስ ሌላ ጀልባ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ድንኳን፣ ጠመንጃ፣ ነዳጅ፣ ከዚያ ከ200 ኪሎ በላይ ሥጋ። ጠርዙ ወደ ውሃው ሲቀርብ ጠዋት ያላየነው ትንሽ ሞገድ ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል። የገባው ውሃ ራሱ ክብደት ነው፤ ጀልባው ባዘመመ ቁጥር ወደዚያው ይሮጣል። ሥጋው ካልታሰረ እሱም ይንሸራተታል። ሰውየው የለበሰው ወፍራም ልብስና እስከ ጭን የሚደርስ ቦቲ ነው፤ ይህን ይዞ መዋኘት አይታሰብም።

ከሁሉ የሚከፋው ጥድፊያው ነው። ሥጋው እንዳይበላሽ። ሰኞ ሥራ አለ። እየመሸ ነው። ነፋሱ ሲነሳ ዳር ላይ አንድ ሌሊት ከማደር ይልቅ «ቀስ ብለን እንሻገር» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በመስከረም የአላስካ ሌሊት ብርድ ለሥጋው ማቀዝቀዣ ነው። አንድ ሌሊት ቢያድር ምንም አይሆንም፤ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ፣ ነፋስ እንዲያገኘው አድርጎ፣ ድብ ሊመጣበት ስለሚችል ከሥጋው ራቅ ብሎ መተኛት ነው።

ለአክስቴ ልጅ ከሁሉ አስቀድሜ ያልኩት ላይፍ ጃኬቱን ከመቀመጫው አንስተህ ልበሰው ነው። ዚፑን ዝጋው። ሐይቁ ጸጥ ባለበትም ሰዓት ልበሰው፤ ሰው ቆሞ ሲሸና ከጀልባ ይወድቃል፣ ገመድ ሲጎትት ይወድቃል፣ ለዚህ ማዕበል አያስፈልገውም። አላስካ ውስጥ ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ክፍት ጀልባ ላይ ጃኬት እንዲለብስ ያስገድዳል። በ1996 ሆመር በምትባል ከተማ የተጀመረ አንድ የሚያምር ፕሮግራምም አለ፤ ጀልባ መነሻው ላይ የሕፃናት ላይፍ ጃኬት ተሰቅሎ ይቀመጣል፤ ያልያዘ ተውሶ ለብሶ፣ ሲመለስ መልሶ ይሰቅላል። ልጁን አልብሶ ራሱ ሳይለብስ የሚነዳ አባት ግን ብዙ ነው። አባት ከወደቀ ሞተሩን ማን ይይዘዋል?

ሁለተኛው የሞተር ማጥፊያ ገመዷ ናት። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ነጂው ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ገመዷ ተነቅላ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጀልባው ጥሎት አይሄድም፣ ዞሮም አይመታውም። በአሜሪካ ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ መሣሪያው በተገጠመላቸው ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ማሰር በፌዴራል ሕግ ግዴታ ሆኗል። ብዙ ቦታ ግን መሪው ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትቀረው።

ከዚያ በኪስ የሚያዝ ነገር። የሳተላይት መልእክት መላኪያ ከረጢት ውስጥ ሆኖ አብሮ ከሰጠመ የለም ማለት ነው። ሰውነት ላይ ይታሰር፤ በደነዘዘ ጣት ሊጫን የሚችል ይሁን። አንድ ሰው ቤት የቀረም የት ሐይቅ እንደሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወሉ ፖሊስ ጋ መደወል እንዳለበት ይወቅ። በሩቅ ሐይቅ ላይ እርዳታ የሚቆጠረው በሰዓታት ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጠው ደግሞ አንድ ሰዓት። ለእነ ቶምፕኪንስ ሄሊኮፕተር መጥቶላቸው እንኳ ለእሱ ዘገየ።

መንገዱንም ቀይሩ አልኩት። በመሃል ከማቋረጥ ዳር ዳሩን መሄድ ነዳጅ ይፈጃል፣ ጊዜም ይወስዳል። ጀልባው ቢገለበጥ ግን አሥሯ ደቂቃ ውስጥ እግርህ መሬት የሚነካበት ዕድል ይኖራል። ነፋሱ ወደየት እንደሚገፋ ሳታይ አትነሳ። ወደ መሃል የሚገፋ ከሆነ ዳር ያለው ጸጥታ አያታልህ፤ ማዕበሉ ያለው ወደ ውስጥ ስትገባ ነው።

ከቶምፕኪንስ ሞት በኋላ ባለቤቱ ክሪስቲን ሥራውን ቀጠለች። ከ400,000 ሄክታር የሚበልጥ መሬት ለቺሊ ሕዝብ ተሰጠ፤ መንግሥትም የራሱን ጨምሮበት ሰፋፊ ብሔራዊ ፓርኮች ተቋቋሙ። አንዱ ፑማሊን ዳግላስ ቶምፕኪንስ ተብሎ በስሙ ይጠራል። ይህን የምጽፈው የሰውየውን ሕይወት በአንዲት ክፉ ቀን ብቻ እንዳታስታውሱት ብዬ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ሰማኝ። «እሺ ወንድሜ፣ ግን ስንት ኪሎ ይበዛል? እንዴት ነው የማውቀው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እዚያ አገር ከ6 ሜትር በታች የሆነች ባለሞተር ጀልባ ከፋብሪካ ስትወጣ ውስጧ ትንሽ ታርጋ ይለጠፍባታል፤ የሰው ብዛት፣ የሰው፣ የሞተርና የዕቃ ጠቅላላ ክብደት፣ የሞተር ጉልበት ተጽፎበታል። ፈልገው አልኩት።

በማግስቱ ሌላ ፎቶ ላከልኝ። ታርጋው በጭቃና በደረቀ ደም ተሸፍኖ ነበር፤ በአውራ ጣቱ ፍቆ ነው ያነሳው። ከሥሩ የዚያን ቀን የጫኑትን በወረቀት ደምሮ ጽፏል፦ ሦስቱ ሰዎች፣ ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ድንኳኑ፣ ሥጋው። ድምሩ ታርጋው ላይ ካለው ቁጥር በ140 ኪሎ ይበልጣል። ከታች አንድ መስመር ብቻ ጨምሯል። «አብረውኝ ለሚያድኑት አሳየኋቸው። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ እንመላለሳለን።»